የሞቀ ድምፅና የታመነ ድምፅ

«ታማኝነት» የሚለው ቃል ተወልዶ ያደገው በትዳር፣ በወዳጅነት፣ በአደራና በመሐላ መካከል ነው። በሃያኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ላይ ግን የምዕራቡ ዓለም ፋብሪካዎች ይህን ቃል ከሰው ላይ ገፈው በእንጨት ሣጥን ላይ ለጠፉት። ሸክላ የሚያጫውተውን፣ ራዲዮ የሚያሰማውን መሣሪያ «ሃይ ፋይደሊቲ»፣ ሲያሳጥሩትም «ሃይፋይ» አሉት፤ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ከፍተኛ ታማኝነት» ማለት ነው። ምስክር ለሸንጎ፣ መልእክተኛ ለላኪው፣ ባለአደራ ለአደራ ሰጪው የሚታመነውን ያህል ይህ ሣጥን ለድምፅ ይታመናል መባሉ ነው። የነጋዴ ማስታወቂያ ነው ብሎ ንቆ ማለፍ ይቻል ነበር። ይሁን እንጂ ታማኝ ነኝ ያለ ሁሉ «ለማን?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ለዚህ ጸሐፊ የመጣው ከመጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቴአትር በማዘጋጅበት ጊዜ ሁለት አሮጌ ራዲዮግራሞች፣ አንዱ በቫልቭ ሌላው በትራንዚስተር የሚሠራ፣ በልምምድ አዳራሹ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ያንኑ አንድ ሸክላ በየተራ ሲያጫውቱልን ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፤ ምርጫውም እንዳሰብሁት የጆሮ ብቻ ሳይሆን የሕሊናም ሆኖ ተገኘ። ወደዚያ ልምምድ እመለሳለሁ፤ አስቀድመን ግን ከመሣሪያዎቹ ጋር እንተዋወቅ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካኖች «ኮንሶል» የሚሉት፣ በእኛ ከተሞች በራዲዮግራምነቱ የታወቀው ዕቃ በመሠረቱ የቤት ዕቃ ነው። እንደ ቡፌ እግር አውጥቶ ወለል ላይ ይቆማል። ክዳኑ ሲነሣ ሸክላ ማዞሪያውና ራዲዮው ከውስጥ ብቅ ይላሉ፤ በግራና በቀኝ በጨርቅ ከተሸፈነው ደረቱ በስተጀርባ ስፒከሮቹ ተቀምጠዋል። ረጅሙ ሸክላ በ1948፣ ስቴሪዮ ሸክላ ደግሞ በ1958 ለገበያ ከቀረቡ ወዲህ በአሜሪካ ማግናቮክስ፣ ዜኒት፣ አር ሲ ኤና ፊሸር፣ በጀርመን ግሩንዲግ፣ ቴሌፉንከንና ሳባ በዚህ ዕቃ ተፎካክረዋል። ከመካከላቸው ርዝመቱ ከአንድ ጎልማሳ ቁመት የማያንስ፣ አራት ሰው ካልተሸከመው የማይንቀሳቀስ ነበረበት። ገዢው ግማሹን ገንዘብ ለድምፅ፣ ግማሹን ለአናጺ እጅ ይከፍል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ አገራችንም ገብቷል። አቅም ባለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ፣ የሠርግ ፎቶግራፍ ተሸክሞ፣ ልጆች እንዳይነኩት ተከልክለው የኖረ ዕቃ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ካቋቋመ በኋላ እርሱም፣ ተከትሎት የመጣው ካይፋም ያሳተሟቸው በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ትናንሽ ሸክላዎች ከተደመጡባቸው መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ሣጥን ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሴት ሸክላውን ከገበያ ሲያስወጣው ራዲዮግራሙም ድምፁ ጠፍቶ ቡፌነቱ ብቻ ቀረለት። የኔ ትውልድ የደረሰበት እንዲህ ሆኖ ነው። በልጅነቴ በአጎቴ ቤት የማውቀው ራዲዮግራም ውስጥ ይቀመጥ የነበረው ሸክላ ሳይሆን የውሃና የመብራት ደረሰኝ ነበር።

አሁን ሆዱን እንክፈተው።

ቫልቭ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የመስተዋት ብልቃጥ ነው። ፍሌሚንግ የተባለው እንግሊዛዊ በ1904 ሁለት አካል ያለውን ሠራ፤ አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት በ1906 ሦስተኛ አካል፣ ማለትም ፍርግርግ መሳይ ሽቦ፣ በመካከል ጨመረበት። በብልቃጡ ውስጥ ያለው ብረት ሲግል ኤሌክትሮኖች ከላዩ ይነሣሉ፤ ባዶውን ቦታ አቋርጠው ወደ ማዶው ሰሌዳ ይነጉዳሉ፤ ፍርግርጉ በመካከል ሆኖ እንደ በረኛ አንዳንዴ ብዙ አንዳንዴ ጥቂት ያሳልፋል። ከሸክላው መርፌ የመጣው ደካማ ምልክት በረኛውን ያዘዋል፤ በረኛው ብርቱውን ጎርፍ ያዛል። ድምፅ ማጉላት ማለት ይህ ነው። ለዚህ ሥራ 200 ወይም 300 ቮልት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ከጎርፉ ወደ ስፒከሩ የሚያሸጋግር ከባድ ትራንስፎርመርም ይኖራል። ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ድምፅ አይሰማም። ብረቱ እስኪግል ድረስ መጠበቅ አለ፤ ሩብ ወይም ግማሽ ደቂቃ ያህል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሣጥኑ ጀርባ ብርቱካንማ ብርሃን ቀስ ብሎ ይበራል፤ የተቃጠለ አቧራ ሽታም ይመጣል።

ትራንዚስተር በቤል ላቦራቶሪ የታየው በታኅሣሥ 1947 ነው። ለዚህ ሥራ ባርዲን፣ ብራታይንና ሾክሊ በ1956 የኖቤልን ሽልማት ተካፍለዋል። ብልቃጥ የለው፣ ባዶ ቦታ የለው፤ ኤሌክትሮኑ የሚጓዘው በራሱ በጠጣሩ ነገር ውስጥ፣ በመጀመሪያ በጀርማኒየም በኋላም በሲሊከን፣ ነው። በጥቂት ቮልት ይሠራል፤ ቁልፉ እንደ ዞረ ይናገራል፤ ብዙ አይግልም፤ የጥፍር ያህል ቦታ ይበቃዋል። በ1954 ሬጀንሲ የተባለው ትንሽ ራዲዮ ለገበያ ሲወጣ ሰው ሙዚቃን በኪሱ መያዝ ቻለ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ትልልቁ ሣጥን መሻገሩ የጊዜ ጉዳይ ነበር። በ1960ዎቹ ማግናቮክስ ቫልቭ የሌላቸውን ኮንሶሎቹን «አስትሮ ሶኒክ» ብሎ ሰየማቸው፤ ዘመኑ ሰው ወደ ጠፈር የወጣበት ዘመን ነበርና የከዋክብት ስም ሳይሰጡት የሚሸጡት ዕቃ ያለ አይመስልም ነበር። ውጫዊው የእንጨት ገላ ግን ከቀድሞው ብዙ አልተለየም፤ የተለወጠው ሆዱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። ያን ጊዜ አዲሱ ከአሮጌው ይበልጣል የተባለው ጆሮ መስክሮ አይደለም፤ አዲስ ስለሆነ ነው። ዛሬ ደግሞ በተቃራኒው፣ አሮጌው የበለጠ እውነተኛ ነው ሲባል ምስክሩ ማርጀቱ ብቻ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ዕድሜን ማስረጃ ማድረግ በሁለቱም ወገን ያው ስንፍና ነው። በመስከረም 1976 አንድ የሶቪየት አብራሪ ሚግ 25 አውሮፕላን ይዞ ጃፓን አገር ሃኮዳቴ ላይ ሲያርፍ፣ የምዕራብ መሐንዲሶች ፈትተውት ቫልቭ ስላገኙበት ኋላ ቀርነት ነው ብለው የተሣለቁ ነበሩ። ኋላ ሲመረመር ቫልቩ ለራዳሩ ታላቅ ኃይል እንደሚመች፣ ከኑክሌር ፍንዳታ የሚነሣውን የኤሌክትሪክ ማዕበልም ከትራንዚስተር ይልቅ እንደሚቋቋም ተነገረ። መሣሪያ የሚመዘነው በተሠራለት ሥራ ነው እንጂ በልደት ቀኑ አይደለም።

ወደ ድምፁ እንመለስ። ማንኛውም ማጉያ የተሰጠውን ምልክት ሳያዛባ አያጎላም፤ ልዩነቱ በመዛባቱ ዓይነት ነው። ብቻውን የሚሠራ ቫልቭ በዋናው ድምፅ ላይ እጥፉን ይጨምራል። በሰከንድ 220 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ቢሰጡት በስሱ 440 ይደርብበታል። ይህ በሙዚቃ ኦክታቭ የሚባለው ነው፤ ወንድና ሴት አንድ ዜማ አብረው ሲያዜሙ በመካከላቸው የሚኖረው ርቀት ነው። ጆሯችን እንግዳ ነገር እንደተጨመረበት አይቆጥረውም፤ ዜማው ራሱ እንደወፈረ፣ እንደፋፋ ይሰማዋል። «ሞቅ ያለ ድምፅ» የሚባለው አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ቫልቭ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅም የሞገዱን ጫፍ ያጎብጠዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ትራንዚስተር ግን ከልኩ ሲያልፍ በመጋዝ እንደተከረከመ ግንድ ቀጥ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ያ ጆሮ ይወጋል።

በቀደሙት ትራንዚስተሮች ላይ የባሰ ሌላ ነውር ነበረ። በተለመደው አሠራር ሁለት ትራንዚስተሮች ሥራውን ይካፈላሉ፤ አንዱ የሞገዱን የላይኛውን ግማሽ፣ ሌላው የታችኛውን ይሸከማል። በርክክቡ ላይ፣ አንዱ ለቅቆ ሌላው ገና ሳይዝ፣ ቅንጣት ታህል ክፍተት ትፈጠራለች። ቫልቮችም ጥንድ ሆነው ሲሠሩ ርክክብ አላቸው፤ ነገር ግን አንዱ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ሌላው ይዞ ይቆያል። ይህች ክፍተት ድምፁ ሲያይል ተውጣ ትቀራለች፤ ድምፁ ሲለሰልስ፣ ዘፋኙ ሊያንሾካሹክ ሲል፣ ያን ጊዜ ነው የምትሰማው። እንግዲህ ያ ዘመን ያቀረበልን ምርጫ ይህ ነበር፦ ስንጮኽ የሚያቆላምጠን አንዱ፣ ስናንሾካሹክ የሚሻክርብን ሌላው። የትራንዚስተሩ ጉድለት ውሎ አድሮ ታርሟል፤ ዛሬ በደንብ የተሠራ ማጉያ የሚያዛባው ጆሮ ከሚለየው በታች ነው። የኛ ጉዳይ ግን በዚያን ጊዜዎቹ ሣጥኖች ነው።

አሁን ወደ ልምምዱ። ቴአትሩ ውስጥ አንዲት እናት አሉ፤ ልጃቸው ከሞተ በኋላ እርሱ የተሳተፈበትን ሸክላ በየማታው ይሰማሉ። ለመድረኩ ራዲዮግራም ፈለግን፤ ከሁለት ቤት ሁለት ተዋስን፤ አንዱ የ1950ዎቹ መጨረሻ ባለ ቫልቭ፣ ሌላው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል የሚያንስ ባለ ትራንዚስተር። ሁለቱም ታድሰው፣ የደረቁ ካፓሲተሮቻቸው ተለውጠው ነበር። ለልምምድ የመረጥነው ሸክላ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቀረጸ ነው። በዚያ ሸክላ ላይ ሳክስፎን የተጫወቱት ሰው በሕይወት አሉ፤ ሰባዎቹን አልፈዋል። መጥተው እንዲሰሙልን ለመንኋቸውና መጡ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸው ነበር፤ እዚህም በዚያው እጠራቸዋለሁ።

መጀመሪያ ባለ ቫልቩን ከፈትን። አዳራሹ በሚያምር፣ ወፍራም፣ ማር በሚመስል ድምፅ ተሞላ። ተዋናዮቹ ሥራቸውን ትተው ቆሙ። ጋሼ ፈገግ ብለው «ወጣት አደረገኝ እኮ!» አሉ። ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ቀጥሎ ባለ ትራንዚስተሩ ተጫወተ። ቀጠን ያለ፣ ገረጣ ያለ ድምፅ ነው። የተዋናዮቹ ፊት ቀዘቀዘ። ጋሼ ግን ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ሣጥኑ ተጠጉ፤ ሲያልቅ «እስቲ መልሺልኝ» አሏት የድምፅ ባለሙያችንን። መለሰችላቸው። በአንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን አነሡ።

«እዚህ ጋ ትንፋሼ አጥሯል። ጉንፋን ይዞኝ ነበር ያን ቀን። ያኛው ሸፍኖልኛል።»

ጥቂት ቆዩና አሁንም ጣታቸውን አነሡ፤ በዚህ ጊዜ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ሲምባሉን ስሙት። ከኋላ፣ በጣም ከኋላ። እሱ ነው። እንዲህ ዳር ዳሩን የሚመታ ሌላ ሰው አልነበረም።» ከበሮ መቺው ጓደኛቸው ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። «በዚያኛው ላይ እኮ የለም» አሉ፤ የተናገሩት ለእኛ አይመስልም ነበር። ዘፈኑ እየደከመ ሄዶ ሲያልቅ መጨረሻው ላይ አሸዋ የተበተነበት ዓይነት መሻከር ተሰማ፤ ቅድም የገለጽሁት የርክክብ ነውር ነው። እርሳቸው ግን አልሰሙትም፣ ወይም ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

የቫልቩ ሣጥን በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አድርጓል፤ የሕያውን ጉድለት ሸፍኗል፣ የሙቱን እጅ ደብቋል። ሁለቱንም ያደረገው በዚያው በአንዱ ውበቱ ነው።

ነገሩን በዚህ ትቼው ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ቫልቭን ከስሶ ትራንዚስተርን ነጻ በማውጣት ባለቀ ነበር። የድምፅ ባለሙያችን ግን ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ብትሆንም ከእኔ ይልቅ ጠንቃቃ ነች። «ጋሼ፣ ቫልቩ ነው ያልነው ከየት አምጥተን ነው?» አለችኝ። በማግስቱ የባለ ቫልቩን ማጉያ ገመድ ከገዛ ስፒከሩ ፈታ ከሌላው ሣጥን ስፒከር ጋር አገናኘችው። ሲምባሉ ወጣ! ሌባው ቫልቩ አልነበረም፤ የገዛ ሣጥኑ ነበር፣ ቀጭኑን ድምፅ አፍኖ ወፍራሙን የሚያሳብጠው ሰፊ እንጨትና ከባድ ስፒከር። ከዚያ ደግሞ በግልባጩ አደረገችው፤ የትራንዚስተሩን ማጉያ በቫልቩ ሣጥን ስፒከር። «ሙቀቱ» በአብዛኛው ተከትሎ መጣ። ከየማጉያው ጋር ተጣብቆ የቀረው የመጨረሻው መሻከርና፣ ድምፁን በጣም ስናነሣው ደግሞ የቫልቩ መለስለስ ብቻ ነበር። እነዚህ ሁለቱ እውነተኛ ልዩነቶች ናቸው፤ ነገር ግን እኛ ቀን ሙሉ ስንከራከርበት ከዋልነው ጥቂቱ ክፍል ናቸው።

ታዲያ ሁሉንም ለቫልቩ የሰጠነው ለምንድን ነው? ስለሚበራ ይመስለኛል። ዓይናችን ፍም አየ፤ ጆሯችንም ሞቀው። ይህ ሞኝነት የኛ ብቻ እንዳልሆነ የምናውቅበት ማስረጃ አለ። በ1978 ጄምስ ሞየር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ኳድ የተባለው ኩባንያ በየጊዜው የሠራቸውን ማጉያዎች፣ ባለ ቫልቩንና ሁለት ባለ ትራንዚስተሮችን፣ የትኛው እንደሚጫወት ሳይነገራቸው ለልምድ አዋቂ አድማጮች አሰማ። በተመሳሳይ ስፒከር፣ በእኩል ድምፅ፣ ከአቅማቸው ሳያልፉ ሲጫወቱ አድማጮቹ አንዱን ከሌላው በአስተማማኝ ሁኔታ ሊለዩ አልቻሉም። ይህ ቫልቭ ልዩነት የለውም ማለት አይደለም፤ ኳዶቹ በጥንቃቄ የተሠሩ ማጉያዎች ናቸው፤ የሳሎን ኮንሶሎች ሁሉ እንደዚያ አልነበሩም። ነገር ግን ስንምል ስንገዘት የምንመሰክርለትን ነገር በዓይናችን የሰማነው መሆን አለመሆኑን እንድንጠይቅ ያስገድደናል።

ከዚህም የሚያስደንቅ አለ። የኤዲሰን ኩባንያ ከ1915 ጀምሮ በአሜሪካ ከተሞች ሕዝብ በአዳራሽ እየሰበሰበ ዘፋኝንና ሸክላ ማጫወቻን ያወዳድር ነበር። ዘፋኟ ከመሣሪያው አጠገብ ቆማ ከተቀረጸ ድምፅዋ ጋር ትዘፍናለች፤ አድማጩ የትኛው ሕያው፣ የትኛው ሸክላ እንደሆነ መለየት አቃተው ተባለ። የመሣሪያው ታማኝነት የተረጋገጠ መሰለ። ከዘፋኞቹ አንዷ አና ኬዝ ግን በስተርጅና ስትጠየቅ ምሥጢሩን ተናገረች፤ ድምፅዋን የመሣሪያውን ጠባይ አስይዛ ትዘፍን ነበር። መሣሪያው ለሰው ሳይሆን ሰው ለመሣሪያው ታመነ ማለት ነው። ይህን ታሪክ ባስታወስሁ ቁጥር ሪፖርት እንዲያምርለት ሥራውን ለሪፖርቱ የሚያስተካክለው ሰው ይታወሰኛል፤ እርሱም በአዳራሹ ውስጥ ይጨበጨብለታል።

አሁን አንድ ሙግት መልስ ይፈልጋል። በድምፅ ላይ መጨመር ክፉ ከሆነ በገናችንን ምን ልንለው ነው? የበገናው አውታር ከብርኩማው በሚያርፍበት ቦታ ላይ እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ያ የሚነዝር፣ የሚያጉረመርም፣ ሰውነት ውስጥ የሚገባ ድምፅ የሚመጣው ከእርሷ ነው። እንዝራው ሲወጣ አውታሩ «ንጹሕ» ይሆናል፤ በገናም መሆኑ ይቀራል። በኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋቾችም ዘንድ ቫልቩ እስከ ዛሬ የሚወደደው ስለሚያዛባ ነው፤ በየአገሩ የተዘጉት የቫልቭ ፋብሪካዎች ቁጥር ቀላል አይደለም፤ በአብዛኛው በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና የቀሩትን በሥራ ላይ ካቆዩት ዋነኞቹም እነዚሁ ጊታረኞች ናቸው። እንግዲህ መጨመርን በጅምላ መኮነን አይቻልም።

መልሱ የሚገኘው ማን በማን ስም እየተናገረ ነው ብለን ስንጠይቅ ይመስለኛል። በገና ተናጋሪ ነው፤ የሚለው ሁሉ የራሱ ነው፤ እንዝራውም የገዛ አንደበቱ ነው። ራዲዮግራም ግን መልእክተኛ ነው፤ የሚያወራው የሌላውን ነው። ተናጋሪ ንግግሩን ቢያሳምር ጥበብ ይባላል፤ መልእክተኛ የተላከበትን ቢያሳምር ግን፣ ለጊዜው ምንም ያህል ደስ ቢያሰኘን፣ ላኪውን ከድቷል። የቅኔ ተማሪ ይህን ልዩነት ከማናችንም በላይ ያውቀዋል። ሰሙ ወርቁን ይሸፍናል፤ ቢሆንም ማንም አልተታለለም፤ ሰሚው ሰም መሆኑን አውቆ ነው የሚፈታው። ሰምን ወርቅ ነው ብሎ የሸጠ ዕለት ግን ነገሩ ከቅኔ ወጥቶ ወደ ዳኛ ይሄዳል። ቫልቭን እንደ ሰም የሚወድ ሰው፣ «ይህ ድምፅ ይጨምራል፣ ጭማሪውን እወደዋለሁ» የሚል ሰው፣ ማንንም አልበደለም። በደሉ የሚጀምረው ያንኑ ጭማሪ «ከፍተኛ ታማኝነት» ብሎ በሣጥኑ ላይ ሲለጥፍ ነው። ትራንዚስተሩንም ከዚህ ክስ ነጻ አላወጣውም፤ ሹክሹክታን እያሻከረ የእውነት ልጅ ነኝ ይል ነበርና። ድርቀትን ሐቀኝነት አድርጎ የሚያቀርብ ሰው ሁላችንም እናውቃለን።

«ሸክላው ራሱስ እውነት ነው?» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፤ ሸክላውም ክፍሉን፣ ሰዓቱን፣ የተጫዋቾቹን ላብ እንዳለ አልያዘም፤ በማይክሮፎንና በመቅረጫ ብዙ ነገር ወድቆ ቀርቷል። ነገር ግን ከመንገድ ላይ የጎደለ እህል ስላለ ጎተራ ጠባቂው የቀረውንም ይስረቅ አይባልም። ይልቁን የተረፈው ጥቂት በመሆኑ አደራው ይከብዳል።

እዚህ ላይ «ለማን?» ለሚለው ጥያቄ ያገኘሁትን መልስ ልናገር። ሣጥኑ ለአድማጭ ይታመን ቢሉ አድማጭ የሚወደውን ብቻ ይሰማል፤ ከአዝማሪው ፊት ብር ይዞ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ጀግና ሆኖ እንደሚወጣው ነው። ለዋናው ዘፋኝ ይታመን ቢሉም አይበቃም፤ ዘፋኙንማ ሁለቱም ሣጥኖች በሚገባ አሰምተውታል፤ ከፊት የቆመና ጮክ ያለ ሰው የትም ቢሆን ተሰሚ አያጣም። የታማኝነት መለኪያው ከኋላ ያለው ሲምባል ነው፤ በዚያ ሸክላ ላይ ከሁሉ የደከመው ድምፅ። ሣጥኑ እርሱን ካደረሰ ሌላውን ሁሉ ሳያደርስ አይቀርም፤ እርሱን ከዋጠ ግን ዘፈኑ የቱንም ያህል ቢያምር አንድ ሰው ከፍሎበታል። ባለ ቫልቩን ስናደንቅ በነበረበት ሰዓት የከፈለው ማን እንደሆነ አናውቅም ነበር፤ ጋሼ ባይመጡ ኖሮ ዛሬም አናውቅም። በማሳመር ሥራ ላይ ያለን ሰዎች፣ ደራሲውም መምህሩም የሕዝብ አደራ የያዘውም፣ ይህ የሚያስጨንቀን ይመስለኛል፤ እኔን አስጨንቆኛል። ከዚያ በኋላ ያንኑ ቴአትር እንደገና ሳነበው ለእናቲቱ ያማረ ንግግር ስሰጥ ጎረቤቷን ዲዳ እንዳደረግሁባት አየሁና ሁለት ትዕይንት ጽፌ አፈረስሁ።

ለመድረኩ ባለ ቫልቩን መረጥሁ። ይህ ከላይ ያልሁትን የሚያፈርስ ለሚመስለው፦ መድረክ ላይ ተናጋሪው እኔ ነኝ፤ ተመልካቹም ለሰም ብሎ ትኬት ገዝቶ ገብቷል። የእናቲቱም ቤት የዚያ ዘመን ሣጥን የሚኖርበት ቤት ነው። በምረቃው ምሽት ተዋናይቷ ቁልፉን ስታዞር ድምፅ የለም፤ ብረቱ እስኪግል አዳራሹ በሙሉ ዝም ብሎ ጠበቀ፤ አንዳንዱ ሰው መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ከጨርቁ በስተጀርባ ብርሃኑ መጣ፤ ከዚያ ዘፈኑ።

ጋሼ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። ሲያልቅ ወደ ኋላ ክፍል መጡና አመሰገኑን፤ ከዚያም በትሕትና የባለ ትራንዚስተሩን ባለቤት አድራሻ ጠየቁ። ሰውየው ዕቃውን እንደማይፈልገው ሰምተው ነበር። «ጋሼ፣ ያኛው እኮ ለጆሮ ይሻላል፤ እሱን ልንፈልግልዎ እንችላለን» አልኋቸው። «አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ።

በሳምንቱ በአንዲት ፒክአፕ ጫንላቸው። ገመድ አስረን ጨርሰን ከሹፌሩ አጠገብ እንዲቀመጡ ብንለምናቸው እምቢ አሉ፤ ክዳኑ እንዳይንገጫገጭ በሁለት እጃቸው ይዘው ከኋላ ተቀመጡ።